ፊደሉ ከቺካጎ፣ ካርቦኑ ከክሊቭላንድ፦ የድሮ ሲኒማ ቤት ዕቃ ፍለጋ

እሁድ፣ ቺካጎ

ስለ ድሮ ሲኒማ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያስበው ሆሊዉድን ነው። እኛ ግን ካሊፎርኒያን ጭራሽ አልነካናትም። ሆሊዉድ የሠራው ፊልሙን ነው። ሲኒማ ቤቱን የሞላውን ዕቃ፣ ፕሮጀክተሩን፣ የመብራቱን ቤት፣ በሩ ላይ የሚሰቀለውን ፊደል፣ ፈንዲሻ ማፍያውን ሳይቀር፣ በብዛት የሠሩት ከቺካጎ እስከ ኒው ዮርክ የተዘረጉት የፋብሪካ ከተሞች ናቸው። ስለዚህ መኪና ተከራይተን ከ1940ዎቹና ከ1950ዎቹ የተረፈውን እያየን ወደ ምሥራቅ ልንነዳ ወሰንን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ጓደኛዬ አብሮኝ የመጣው መንዳት ስለሚወድ ነው። የሲኒማ ዕቃ ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለውም።

መጀመሪያ የሄድነው ስቴት ጎዳና ላይ ወዳለው ቺካጎ ቲያትር ነው። የተከፈተው በ1921 ነው። ዛሬ ፊልም ሳይሆን ሙዚቃና መድረክ ይበዛዋል። ፊት ለፊቱ ላይ የከተማዋ ስም ቁልቁል ተጽፏል፤ ቁመቱ ወደ ስድስት ፎቅ ይጠጋል። ከሥሩ በእግረኛው መንገድ ላይ ወጣ ያለ ባለመብራት ጣሪያ አለ። አሜሪካኖች ማርኪ ይሉታል። ሁለቱ ሥራ ተከፋፍለዋል። ቁልቁል የተጻፈው የቤቱን ስም ለሩቁ ሰው ይናገራል፤ ሁሌም ያው ነው። ማርኪው ደግሞ ዛሬ ምን እንደሚታይ ለአላፊ አግዳሚው ይነግራል፤ በየጊዜው ይቀያየራል። ቱሪስቱ ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው የላይኛውን ነው። እኔ ዓይኔ የቀረው የታችኛው ላይ ነው፤ የሰው ጉልበት የሚበላው እሱ ነዋ።

የእንዲህ ዓይነት ማርኪ ጠርዝ ላይ አምፖሎች እየተከታተሉ የሚሮጡ ይመስላል። የሚሮጥ ነገር ግን የለም። አምፖሎቹ በሦስት ወይም በአራት መስመር ተከፋፍለው የተገናኙ ናቸው። በድሮው አሠራር ትንሽ ሞተር አንድ ዘንግ ታዞራለች። ዘንጉ ላይ ያሉት የመዳብ መገናኛዎች አንዱን መስመር ሲያበሩ ሌላውን ያጠፋሉ። ዓይናችን የቀረውን ይጨርሰዋል። ዛሬ ይህን ሥራ አንዲት ትንሽ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ትሠራዋለች፤ ያኔ ግን ሞተሩን ዘይት የሚቀባ፣ መገናኛውን የሚጠርግ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ማታ ሚውዚክ ቦክስ ገባን። በ1929 የተሠራ፣ ጣሪያው ላይ ከዋክብት ብልጭ ድርግም የሚሉበት ቤት ነው። አሁንም በ35 እና በ70 ሚሊሜትር ፊልም ያሳያል። ጓደኛዬ ከማስታወቂያው በኋላ ተኛ።

ሰኞ፣ ቺካጎ

ዛሬ የፊደል ቀን ነበር። አንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ውስጥ የማርኪ ፊደሎች በእንጨት ሳጥን ተሞልተው አገኘን። ባለ 10 ኢንች አሉ፣ ባለ 17 ኢንች አሉ። ቀይ፣ ጥቁር፣ አንዳንድ ሰማያዊ። ሱቁ ዋጋ የሚጠራው በአንድ ፊደል ነው። ስሙን ለመጻፍ የሚገዛ ሰው ስለሚበዛ አናባቢዎቹ ቀድመው ያልቃሉ።

ከፕላስቲኩ በፊት ሁለት ዘመን አልፏል። በመጀመሪያው ፊደሉ ራሱ ነጭ ወተት የመሰለ ብርጭቆ ነበር፤ በብረት ሳህን ውስጥ ተገጥሞ ከኋላው መብራት ይበራለታል። ጥቁር ጀርባ፣ ብሩህ ፊደል ማለት ነው። ደብዛዛ ነበር፣ ሳህኑም ከባድ። በ1930ዎቹ ነገሩ ተገለበጠ። ሰሌዳው በሙሉ ነጭ የሚያበራ ብርጭቆ ሆነ። ፊደሉ ደግሞ ከአሉሚኒየም ተቀልጦ የተሠራ ጥቁር ጥላ ሆኖ ከፊቱ ባለው ዘንግ ላይ ተንጠለጠለ። የቺካጎዎቹ ዋግነር እና አድለር በዚህ ንግድ ስማቸው የታወቀ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ ፕላስቲኩ መጣ። ብርሃን ስለሚያሳልፍ ቀለም ያለው ፊደል በሌሊትም በቀለሙ ይታያል። ቢወድቅ አይሰበርም፤ ሰው ላይ ቢወድቅም እንደ አሉሚኒየሙ አይፈነክትም።

አንዱን የአሉሚኒየም ፊደል አነሳሁት። ይከብዳል። ይህን ተሸክሞ በመሰላል የወጣውን ሰው አሰብኩት። የሠፈር ሲኒማ ቤቶች በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ፊልም ይቀይሩ ነበር። ስለዚህ በሳምንት ሁለትና ሦስት ሌሊት፣ የመጨረሻው ተመልካች ከወጣ በኋላ፣ አንድ ልጅ በነፋስና በበረዶ ውስጥ የነገውን ርዕስ ይሰቅላል። ፊደል ሲያልቅበት ኤምን ገልብጦ ደብልዩ ያደርጋል። ዘጠኝን ገልብጦ ስድስት ያደርጋል። ለኦ ዜሮ ይተካል። ርዕሱ ከረዘመ ይቆርጠዋል፤ የተዋናዩን ስም ግን አይነካም፤ ሰው የሚመጣው በስሙ ነውና። መሰላል ላለመውጣት ጫፉ ላይ መያዣ ያለው ረጅም ዘንግም ነበር። ሱቁ ውስጥ አንድ አለ። ሞከርኩት፤ አንድ ፊደል ለመስቀል ብዙ ደቂቃ ፈጀብኝ። ባለሱቁ ሳቁን መደበቅ አልቻለም።

ቺካጎ የፊደል ከተማ ብቻ አይደለችም። ሞሽዮግራፍ የሚባለው ፕሮጀክተር እዚህ ይሠራ ነበር። የክሪተርስ የፈንዲሻ ማሽንም የዚችው ከተማ ልጅ ነው። ቻርልስ ክሪተርስ በእንፋሎት የሚሠራውን ማፍያ በ1893ቱ የቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አሳይቷል። ሲኒማ ቤቶች ፈንዲሻ ምን ያህል እንደሚያተርፍ የገባቸው ግን በጣም ዘግይተው ነው።

ማክሰኞ፣ መንገድ ላይ

በኢንዲያናፖሊስ በኩል ወደ ሲንሲናቲ ነዳን። ወደ 480 ኪሎ ሜትር ነው። በቆሎ፣ በቆሎ፣ ደግሞ በቆሎ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ረቡዕ፣ ሲንሲናቲ

የአሜሪካ የምልክት ሙዚየም የሚገኘው ካምፕ ዋሽንግተን በሚባለው የድሮ ፋብሪካ ሠፈር ነው። በወርቅ ቅጠል ከተጻፈው የሱቅ ስም ጀምሮ ወደ አምፖል፣ ከዚያ ወደ ኒዮን፣ ከዚያ ወደ ፕላስቲክ በቅደም ተከተል ይወስድሃል። ሁሉም ነገር በርቷል። ዓይን ያደክማል፤ ከሰዓት በኋላ የፀሐይ መነጽር ያደረገ ሰው አየሁ፣ አልፈረድኩበትም።

እውነቱን ለመናገር እኔን የያዘኝ የተሰቀለው ሳይሆን የሚሠራው ነው። ግቢው ውስጥ የኒዮን ወርክሾፕ አለ። ባለሙያዎቹ ሲሠሩ ቆመህ ታያለህ። የመስታወት ቱቦው እሳት ላይ ይለሰልሳል። ሠራተኛው በቀጭን የጎማ ቱቦ እየነፋ፣ ማጠፊያው ላይ እንዳይጨፈለቅ እየጠበቀ፣ ወረቀት ላይ በተሳለው ቅርጽ ልክ ያጥፈዋል። ጊዜው የሰከንዶች ነው፤ ከቀዘቀዘ አበቃ። ከዚያ ሁለቱ ጫፎች ላይ ኤሌክትሮድ ይገጠማል። ከፍተኛ ቮልቴጅ ተለቅቆበት ቱቦው ይግላል፤ ውስጡ ያለው ቆሻሻ ሁሉ ሲወጣ በፓምፕ ይመጠጣል። መጨረሻ ላይ ጥቂት ጋዝ ይገባና ይታሸጋል። ኒዮን ከሆነ ቀይ ብርቱካናማ ነው። አርጎን ከሜርኩሪ ጠብታ ጋር ከሆነ ሰማያዊ ነው። ሌላው ቀለም የሚመጣው መስታወቱ ውስጥ ከተቀባው ዱቄት ነው።

ኒዮንን ለሕዝብ ያሳየው ፈረንሳዊው ዦርዥ ክሎድ ነው፣ በ1910 ፓሪስ ላይ። ለሲኒማ ቤት ግን የተፈጠረ ይመስላል። አምፖል ነጥብ ነው፤ በነጥብ መስመር ለመሥራት ብዙ መቶ አምፖል ያስፈልጋል። ኒዮን ራሱ መስመር ነው። የሕንጻውን ጠርዝ ተከትሎ ይሄዳል፣ ይጠመዘዛል። በደንብ የተሠራ ቱቦ ደግሞ አሥርት ዓመታት ይቆያል። የሚገድለው በአብዛኛው የተወረወረ ድንጋይና ትራንስፎርመሩ ነው፤ እስከ 15,000 ቮልት የሚሰጥ ትራንስፎርመር ዝናብ ውስጥ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ጓደኛዬ እዚህ ተለወጠ። ወርክሾፑ መስኮት ላይ ከእኔ በላይ ቆየ።

ሐሙስ፣ ኦሃዮ

የጉዞው ትልቁ ቀን ይህ ነው። ከኮሎምበስ ወጣ ብሎ አንድ ጡረታ የወጡ የፕሮጀክተር ኦፕሬተር የእርሻ መጋዘን አላቸው። መጋዘኑ ውስጥ እህል የለም። ከተዘጉ ሲኒማ ቤቶች የሰበሰቡት ዕቃ ነው። በደብዳቤ ነበር የጠየቅናቸው። በር ላይ ቆመው ጠበቁን። «ሳትፈሩ ንኩ፣ ለመነካት ነው የተሠራው» አሉን።

መሀል ላይ ሁለት የሲምፕሌክስ ፕሮጀክተሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። ለምን ሁለት? አንድ ጥቅል ፊልም 2,000 ጫማ ነው። ፊልሙ በሰከንድ 24 ምስል፣ በደቂቃ 90 ጫማ ይሄዳል። ሲሰላ አንዱ ጥቅል ቢበዛ 22 ደቂቃ ነው። አንዱ ማሽን ሲያሳይ ሌላው ተጭኖ ይጠብቃል። ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል የስክሪኑ ቀኝ ላይኛ ጥግ ላይ ትንሽ ነጥብ ብልጭ ትላለች። ኦፕሬተሩ የሁለተኛውን ማሽን ሞተር ያስነሳል። ከ7 ወይም ከ8 ሰከንድ በኋላ ሁለተኛዋ ነጥብ ትመጣለች፤ ያኔ ይቀይራል። ተመልካቹ ምንም አያውቅም። «ካወቀ ተባረርኩ ማለት ነው» አሉ ሽማግሌው።

ከዚያ የመብራቱን ቤት ከፈቱልን። ትልቅ የብረት ሳጥን ነው፤ ከውስጥ ጎድጓዳ መስተዋት አለ። አምፖል የለም። ሁለት የካርቦን ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ ይገናኛሉ፣ ትንሽ ይራራቃሉ፣ መሀላቸው ላይ የኤሌክትሪክ ቅስት ይበራል። የአዎንታዊው ዘንግ ጫፍ ሙቀት ከ3,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በባዶ ዓይን ማየት አይቻልም፤ በጎን ባለችው ጥቁር መስታወት ነው የሚታየው። የሚፈልገው ቀጥተኛ ጅረት (ዲሲ) ስለሆነ ከመንገድ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ የሚቀይር ሌላ ማሽን ከጎኑ ያጉረመርማል። ጭሱ በቧንቧ በጣሪያው ይወጣል። ዘንጎቹ እየነደዱ ያጥራሉ፤ ሞተር ያቀራርባቸዋል፣ ግን ሞተሩ አይታመንም። ቅስቱ ትንሽ ከተዛባ ስክሪኑ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቡናማ ይወርዳል። ስለዚህ ኦፕሬተሩ ፊልም አያይም። እሳት ነው የሚያየው። አንድ ጥንድ ካርቦን ከአንድ ወይም ከሁለት ጥቅል በላይ አይሄድም ነበር። የነደደውን ቁራጭም አይጥሉትም፤ ዘንጉ በመዳብ የተለበጠ ስለሆነ መዳቡ ይሰበሰባል።

የመብራቱ ቤት ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ። ስትሮንግ፣ ቶሌዶ፣ ኦሃዮ። የካርቦኑ ካርቶን ደግሞ ናሽናል ካርቦን ይላል፤ መሠረቱ ክሊቭላንድ ነው። ሁለቱም እዚሁ ግዛት ውስጥ፣ ከቆምንበት በመኪና የጥቂት ሰዓት መንገድ።

ሽማግሌው ቅስቱን አብርተው አላሳዩንም። የመጋዘኑ ኤሌክትሪክ አይችለውም አሉ። ቅር አለኝ፣ ግን የእንጨት መጋዘን ነው፤ ልክ ናቸው። በምትኩ የፕሮጀክተሩን ሆድ በእጅ አዞሩልን። ፊልሙ በሌንሱ ፊት ዝም ብሎ አይፈስም። ይቆማል፣ ይዘላል፣ ይቆማል፣ በሰከንድ 24 ጊዜ። ይህን የምታደርገው አራት ክንፍ ያላት መስቀል የመሰለች ብረት ናት፤ የምትሠራው በዘይት ውስጥ ተነክራ ነው። ሲዘል መዝጊያው ብርሃኑን ይጋርዳል። በዝግታ ሲዞር ድምጹ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። በፍጥነት ሲሆን እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው።

ግድግዳው ላይ ፖስተሮች አሉ። ሁሉም ታጥፈው ስለተላኩ የመታጠፊያ መስመር አላቸው። ዋናው መጠን 27 በ41 ኢንች ነው። ለመግቢያ አዳራሹ 11 በ14 ኢንች የሆኑ ካርዶች በስምንት በስምንት ይመጣሉ። ለፀጉር ቤትና ለሱቅ መስኮት ደግሞ 14 በ22 ኢንች የሆነ ወፍራም ካርድ አለ፤ የላይኛው ጫፍ ባዶ ነጭ ነው፣ የሠፈሩ ሲኒማ ቤት ስሙንና ቀኑን እንዲያትምበት። ከ1940 ጀምሮ አብዛኛውን ያከፋፍል የነበረው ናሽናል ስክሪን ሰርቪስ ነው። ከፖስተሩ ሥር በትንሹ ንብረትነቱ የኩባንያው እንደሆነና ከታየ በኋላ መመለስ እንዳለበት ተጽፏል። ዛሬ በጨረታ በሺዎች ዶላር የሚሸጡት እነዚያው ሳይመለሱ የቀሩት ናቸው። ሽማግሌው የትኞቹን እንዳልመለሱ ጠየቅናቸው። ቡና አፈሉልን።

ሌሊቱን በክሊቭላንድ በኩል አድርገን ነዳን።

ዓርብ፣ ሮቼስተር

ሮቼስተር የፊልም አምራቹ የኮዳክ ከተማ ናት። ፊልሙ ራሱ፣ ጥሬው ማለቴ ነው፣ በብዛት የመጣው ከዚህ ነው። የኮዳክ መሥራች የጆርጅ ኢስትማን ሙዚየም በሰውየው መኖሪያ ቤት ላይ ተመሥርቷል። ከጎኑ ያለው ድራይደን ቲያትር በ1951 ተከፈተ። ድራይደንን ልዩ የሚያደርገው ናይትሬት ፊልም ማሳየት መቻሉ ነው። በዓለም ላይ ይህን የሚችሉ አዳራሾች በጣም ጥቂት ናቸው።

ናይትሬት እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሲኒማ ቤት ሁሉ የሚጠቀምበት ነበር። ምስሉ ያምራል ይላሉ ያዩት። ችግሩ ከተቀጣጠለ አይጠፋም። ኦክስጅኑን ራሱ ስለሚያመነጭ ውሃ ውስጥም ይነዳል። ከላይ የነገርኳችሁን እሳት አስታውሱ፤ ናይትሬቱ የሚያልፈው ከእሱ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው። ለዚህ ነው የድሮ ማሳያ ክፍሎች የብረት በርና ወፍራም ግድግዳ ያላቸው። ጥቅሉም ክፍት አይደለም፤ በብረት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ወደ አዳራሹ በሚያየው በእያንዳንዱ መስኮት ላይ የብረት መዝጊያ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ሰንሰለቱ ውስጥ በትንሽ ሙቀት የሚቀልጥ ማያያዣ አለ። እሳት ሲነሳ ይቀልጣል፣ መዝጊያው ይወርዳል፣ ተመልካቹ ይድናል። ኦፕሬተሩ ደግሞ ከቻለ በበሩ ይወጣል። ይህ ንድፍ ማንን ቀድሞ እንደሚያስብ ግልጽ ነው።

በ1953 የመጣው ሲኒማስኮፕ የሚባለው የሰፊ ስክሪን አሠራርም ከዚህች ከተማ ጋር ይገናኛል። ቴሌቪዥን ተመልካቹን ቤቱ ሲያስቀርበት ሲኒማው ሰፋ። ስፋቱ ተጨምቆ የተቀረጸውን ምስል እጥፍ አድርጎ የሚዘረጋው ሌንስ ከሮቼስተሩ ባውሽ ኤንድ ሎም ነበር። ለትንሹ ሲኒማ ቤት ግን ይህ መከራ ነው። አዲስ ሌንስ፣ አዲስ ስክሪን፣ ለአራት ትራክ ማግኔቲክ ድምጽ አዲስ ማንበቢያና ድምጽ ማጉያ መግዛት አለበት። መድረኩ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ስክሪኑ ሊሰፋ አይችልም፤ ቁመቱ ይቀንሳል። ስለዚህ «ሰፊ ስክሪን» ተብሎ በማርኪው ላይ የተጻፈበት ቤት ውስጥ ከድሮው ያነሰ ምስል ያየ ሰው ብዙ ነው። ብዙዎቹ ባለቤቶች በድምጹ አመጹ፤ በ1954 የሲኒማስኮፕ ባለቤት የሆነው የፊልም ኩባንያ ፎክስ በተለመደው የድሮ ድምጽ እንዲያሳዩ ፈቀደ።

ቅዳሜ፣ ፔንሲልቬኒያ

ኦርፊልድ የሚባል ቦታ ሻንክዋይለርስ የሚባል የመኪና ሲኒማ አለ፤ ሰው ከመኪናው ሳይወርድ ሜዳ ላይ ፊልም የሚያይበት ማለት ነው። በ1934 የተከፈተ፣ ሳይዘጋ እስካሁን ከሚሠሩት የመኪና ሲኒማዎች በዕድሜ ትልቁ ነው። የመጀመሪያው የመኪና ሲኒማ በኒው ጀርሲ፣ ካምደን በ1933 ነበር የተከፈተው። መጀመሪያ ላይ ድምጹ ከስክሪኑ አጠገብ ካሉ ትልልቅ ማጉያዎች ነበር የሚመጣው። ፊት ያለው ይደነቁራል፣ ኋላ ያለው ዘግይቶ ይሰማል፣ ጎረቤት ይካሰሳል። ከጦርነቱ በኋላ በየምሰሶው ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ድምጽ ማጉያ ተስፋፋ፤ የመኪናው መስኮት ላይ ይሰቀላል። ረስቶ ገመዱን በጥሶ የሚሄደው ደንበኛ የባለቤቱ የዘወትር ራስ ምታት ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ አገሪቱ ውስጥ ወደ 4,000 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ሲኒማዎች ነበሩ።

ዛሬ ድምጹ በኤፍኤም ሬዲዮ ነው፣ ፊልሙ ዲጂታል ነው። ምስሉ ጥሩ ነበር። ጓደኛዬ መንዳት ሳያስፈልገው መኪና ውስጥ በመቀመጡ ተከፋ።

እሁድ፣ ኩዊንስ (ኒው ዮርክ ከተማ)

የመጨረሻው ማረፊያችን አስቶሪያ ያለው የተንቀሳቃሽ ምስል ሙዚየም ነው። የድሮ የፊልም ስቱዲዮ ግቢ ላይ ነው ያለው፣ በ1988 ተከፈተ። ካሜራና ፕሮጀክተር በብዛት አለ፣ በመስታወት ውስጥ። ከኦሃዮው መጋዘን በኋላ መስታወቱ ይከለክላል። ሬድ ግሩምስና ሊዚያን ሉዎንግ የሠሩት በግብፅ ቤተ መንግሥት አምሳል የተቀባ ትንሽ ሲኒማ ግን ያስቃል፤ የ1920ዎቹን ቅጥ ያጣ ድምቀት በሚገባ ይዞታል።

ሲምፕሌክስን የሠራው ኢንተርናሽናል ፕሮጀክተር ኮርፖሬሽን የኒው ዮርክ ድርጅት ነበር። ስለዚህ በመጋዘኑ ያየነው ማሽን ሥረ መሠረቱ እዚህ ነው፤ ከሙዚየሙ ወንዝ ማዶ፣ ማንሃተን ጎልድ ጎዳና ላይ። ጎልድ ጎዳና አልሄድንም። ቲኬት ገዝተን በሙዚየሙ አዳራሽ ማታ የሚታይ የ35 ሚሊሜትር ፊልም ገባን።

ከማሳያው መስኮት ሥር፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጓደኛዬ መሀል ካልሆነ ብሎ ትቶኝ ሄደ። የመጀመሪያው ጥቅል ሲያልቅ ጥጉ ላይ ነጥቧ ብልጭ አለች፤ ቀጥላ ሁለተኛዋ። ቅያሬው ንጹሕ ነበር። ስንወጣ ጓደኛዬን ነጥቦቹን አይተሃል ወይ አልኩት። የምን ነጥብ አለኝ።